ይቆጥርብሻል

እናቴ ስልክ ላይ «ደኅና ሁኚ» ብላ አታውቅም። የመሰናበቻ ቃሏ «ይቆጥርብሻል» ነበር። እኅቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል ወጥታ ዋሽንግተን ከገባች በኋላ፣ እሑድ አመሻሹ ላይ ደሴ ወዳለው ጎረቤታችን ቤት ትደውል ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔ እግሬን ታጥቤ፣ ዳንቴል የለበሰውን ጥቁር ስልክ ከብበን እንቀመጣለን። ሲጮህ መጀመሪያ የሚያነሣው የቤቱ ጌታ ነው፤ ስልኩ የሱ ነዋ። ከዚያ እናቴ ትቀበለዋለች፤ አሜሪካ ሩቅ መሆኑን ስለምታውቅም ትጮኻለች። «ደኅና ነሽ? በላሽ? ብርዱ እንዴት ነው? አብሽሪ ልጄ!» መልሱን ሰምታ ሳትጨርስ፣ «በይ ይቆጥርብሻል፣ ዝጊው።» ሳምንት ሙሉ የጠበቅነው ነገር ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

እስቲ ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ማን እንደሚቆጥር አይናገርም። ቴሌ ይሁን፣ ማሽኑ ይሁን፣ የባሕር ማዶው ኩባንያ ይሁን፣ ቆጣሪው ተሰውሯል። ያልተሰወረችው መሐል ላይ የተሰነቀረችው «ብ» ናት። አማርኛ በአንዲት ፊደል ወዳጅና ጠላት ይለያል፤ «ቆጠረልሽ» ሌላ፣ «ቆጠረብሽ» ሌላ። እናቴ ስለ ቴሌኮም ንግድ አንድ ገጽ ሳታነብ ምሥጢሩን በዚያች ፊደል ጨርሳዋለች። ድምፁማ የራሳችን ነው፤ ይዘነው ሄደን ይዘነው እንመለሳለን። የስልክ ኩባንያ የሚሸጥልን ጊዜንና ርቀትን ነበር፤ ሁለቱንም ሲሸጥ ሰው ላይ እየቆጠረ ነው።

ነገሩ የጥንቱን ኬላ ይመስለኛል። ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያውን ጭኖ ሲወጣ በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው በር ኬላ ይጠብቀዋል። ቀረጥ ተቀባዩ ቡናውን አልለቀመም፣ ሸማውን አልሸመነም፤ ሥራው ማለፊያው ላይ መቀመጥ ነው። ሌላ መንገድ እስካልተገኘ ድረስ ደግሞ ከዚህ የሚሻል ሥራ የለም። ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ይህን ጠባይ ይዞ ገባ ማለት ማጋነን አይሆንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር አዲስ አበባን ያገናኘው ከሐረር፣ ማለትም ከዋናው የንግድ በር ጋር ነው። ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተቃወሙ ይባላል። ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ቀረጡ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር።

ለኬላውም ግን ፍርድ አይጓደልበት። የእኅቴ ሦስት ደቂቃ ሁለት ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር። በሁለት አገሮች መካከል ለሚደረግ ጥሪ ኩባንያዎቹ በደቂቃ የሚተሳሰቡት ዋጋ ነበራቸው፤ ደዋዩ ያለበት አገር ኩባንያ ግማሹን ለተቀባዩ አገር ኩባንያ ይከፍላል። ድኻ አገር ከሚደውለው ይልቅ የሚደወልለት ስለሚበዛ፣ ሒሳቡ ሲወራረድ ዶላር ይተርፈዋል። «አብሽሪ ልጄ» በሚለው የእናቴ ጩኸት ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ነበረበት ማለት ነው፤ በዚያ ምንዛሪም ማዞሪያና ሽቦ ይገዛል፣ ስልክ ያላየ ወረዳ ስልክ ያያል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ክፍያ እንዲወርድ፣ ለድኻዎቹ አገሮችም በደቂቃ ከ23 የአሜሪካ ሳንቲም እንዳይበልጥ ወሰነ። ለእኅቴ እፎይታ ነበር። ለአገር ቤቱ ስልክ መሥሪያ ቤት የገቢ ምንጭ መድረቅ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኔም በሁለቱም በኩል ቆሜ ማልቀስ እችላለሁ።

የኬላው መጨረሻ የመጣው ግን ከኮሚሽን ውሳኔ ሳይሆን ከጭነት አጫጫን ነው። የድሮው ስልክ አንድ ሰው ሲደውል ከደሴ እስከ ዋሽንግተን አንድ መንገድ ዘግቶ ለሱ ብቻ ይይዝለታል። ተናገረም አልተናገረም መንገዱ የሱ ነው፤ ዝም ብሎ ቢያለቅስም ይከፍላል። ዝምታ ከንግግር እኩል የሚከፈልበት ገበያ ከዚህ ሌላ አላውቅም። ኢንተርኔት ግን ድምፅን በሰከንድ ሃምሳ ያህል ቦታ ይከታትፈዋል። ነጋዴው ጭነቱን በሃምሳ አህያ አከፋፍሎ፣ እያንዳንዷን ባገኘችው መንገድ ልኮ፣ ገበያው ላይ ሲደርሱ መልሶ እንደ መሰብሰብ ነው። አንዷ ብትጠፋ ገበያው አይታጎልም። ኬላ ጠባቂ አንዲት አህያ ቢይዝ ደግሞ የተጫነችው ቁራጭ «አ» ይሁን «ብ» ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ይህን የመከታተፍ ሐሳብ ፖል ባራን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያቀርብ የጊዜው የስልክ ንጉሥ ኤቲ ኤንድ ቲ አልቀበልም ብሏል። ንጉሡ ሞኝ ስለነበረ አይመስለኝም። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቤት «ቤትህን የሚያፈርስ መዶሻ ይኸውልህ» ሲባል አመስግኖ አይቀበልም፤ የምንቀበል ካለን እጃችንን እናውጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር በኢንተርኔት የሚያነጋግር ፕሮግራም ለገበያ አወጣ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነበር። ቢሆንም በዓመቱ የአሜሪካ አነስተኛ የርቀት ስልክ ኩባንያዎች ማኅበር ፕሮግራሙ እንዳይሸጥ ለመንግሥት አቤት አለ። ኬላ ጠባቂ ከማንም በፊት የሚሰማው የኮቴ ድምፅ አለ።

እኛ ጋ ኬላው አቤቱታ አላስፈለገውም፤ ዐዋጅ ነበረው። በ1994 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ ዐዋጅ በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ለሰጪውም ለተጠቃሚውም ከለከለ። ስካይፕ የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ልጁ ሳይወለድ ተከሰሰ ማለት ነው። በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ዐዋጅ ሲመጣ «በስካይፕ ያወራ 15 ዓመት ይታሰራል» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ፤ መንግሥትም የታሰበው ከእናቱ ጋር የሚያወራውን ሳይሆን በዚህ መንገድ ጥሪ የሚነግደውን ነው ብሎ አስተባበለ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ፣ ማዳመጫውን በነጠላ ከልላ ሹክ ስትል ያየኋትን ሴትዮ አልረሳም። ኮንትሮባንድ የጫነች ትመስል ነበር። ያሻገረችው ዕቃ «ጥርስሽን ታከምሽ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ኬላው ሁሉም ቦታ አልተነሣም። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ለረጅም ዓመታት ዋትስአፕ ጽሑፍ ያሳልፋል እንጂ ጥሪ አያሳልፍም፤ መደወል የፈለገ በተፈቀደ መተግበሪያ ከፍሎ ነው። ስለዚህ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ሌሊት ሥራዋን ስትጨርስ ድምፅዋን ቀርፃ ትልካለች፤ እናትየዋ ጠዋት ሰምታ፣ አልቅሳ፣ የራሷን ቀርፃ ትመልሳለች። በእኛ ጊዜ ይህ በካሴት ነበር። አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሥልሳ ደቂቃ ሙሉ ቤተሰቡ በየተራ ይናገርበትና፣ ዶሮው መሐል ገብቶ ይጮኽበትና፣ በበርበሬው መሐል ተጠቅልሎ ይላካል። እኅቴ ዛሬም ያን ካሴት አልጣለችም። ከሰው ድምፅ ይልቅ ዶሮው ያስለቅሰኛል ትላለች።

ወደ ራሴ ልመለስ። በ1990ዎቹ እኅቴ የሚፋቅ የስልክ ካርድ መግዛት ጀመረች። እዚያው ዋሽንግተን፣ በአዳምስ ሞርጋንና በዩ ጎዳና ባሉ የሐበሻ ሱቆች የአንበሳና የሰንደቅ ዓላማ ሥዕል ያለበት ካርድ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ተደርድሮ ይሸጣል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና በእውነት የሚሰጠው ደቂቃ ተገናኝተው አያውቁም። ከመደወሉ በፊት አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቀሪውን ደቂቃ ታነባለች፤ ተሰውሮ የኖረው ቆጣሪ በመጨረሻ አንደበት አወጣ። ከዚያ ስካይፕ፣ ቫይበር፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ መጡ። ዋትስአፕን ከመሠረቱት አንዱ ያን ኩም ዩክሬን ተወልዶ በ16 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ካሊፎርኒያ የገባ ስደተኛ ነው፤ አባቱ አልተከተላቸውም፣ እዚያው ቀረ። ኬላውን ከናዱት አንዱ ራሱ ሲቆጠርበት ያደገ ልጅ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ያን ድርጅት በ19 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ሲል ሠራተኞቹ ስድሳ እንኳ አይሞሉም ነበር።

እንግዲህ ቆጣሪው ቆመ። እናቴም የራሷ ስልክ ኖራት። ያኔ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? እሑድ ሦስት ደቂቃ ያወሩ የነበሩ ሰዎች ዋጋው ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ?

እኅቴ ለጥቂት ወራት በየቀኑ ደወለች። ከዚያ በየሳምንቱ። ከዚያ ለበዓል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጬ፣ ከሷም ባስሁ። በፊት «ካርድ አልቆብኝ ነው እማዬ» እል ነበር፤ እውነትም አንዳንዴ አልቆብኝ ነበር። «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ» እል ነበር፤ እውነትም አንዳንዴ እምቢ ይለኝ ነበር። የእውነቱንና የሰበቡን ድርሻ አንድም ቀን ለይቼ መዝኜ አላውቅም፤ ኬላው መዝኖ ይይዝልኝ ነበርና። ቀረጥ ተቀባዩ ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ጥፋቴንም ሲቀበለኝ ኖሯል። ሰው የሚራገመው አጥር አንዳንድ ጊዜ የሚደገፈውም አጥር ነው። አጥሩ ሲነሣ መሬት ላይ የተገኘሁት እኔው ነበርሁ።

ስለ ቴክኖሎጂ የሚጽፉ ሰዎች የፈረሰውን ድርጅት ዋጋ፣ የተባረረውን ሠራተኛ፣ የከሰረውን ባለአክሲዮን ይቆጥራሉ፤ መልካም ነው። እኔን የገረመኝ እነዚያ አሮጌ ተቋማት አገልግሎት ብለው ሳይመዘግቡት፣ ሳያስከፍሉበትም ሲሰጡን የኖሩት ነገር ነው። ማመካኛ ይሰጡን ነበር።

ጋዜጣውም እንዲሁ። አራት ኪሎ፣ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ፣ ጋዜጣ የሚከራይበት ዘመን ነበር። ድንጋይ ላይ ወይም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለህ፣ በሳንቲም ተከራይተህ፣ አንብበህ ትመልሳለህ። አብዛኛው ተከራይ ርዕሰ አንቀጽ አያነብም፤ በቀጥታ «ክፍት የሥራ ቦታ» ወዳለበት ገጽ ይሄዳል። ወረቀት በውድ ገዝቶ፣ ማተሚያ ቤት ወረፋ ይዞ፣ ፖለቲካውን ለሚተነትነው ዓምደኛ ደሞዝ የሚከፍለው ያ የማስታወቂያ ገጽ ነበር። ሥራ ፈላጊው ጸሐፊውን ቀልቦታል፤ ጸሐፊው ግን በራሱ ብዕር የሚኖር ይመስለው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ክሬግስሊስት የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ሰው የኢሜይል ዝርዝር የተጀመረ ነገር የጋዜጦችን የጥቃቅን ማስታወቂያ ገቢ በልቶባቸዋል። እኛ ጋ ያን ያደረገው ቴሌግራም ነው። ክፍት የሥራ ቦታው ወደ ቻናል ሄደ፣ ተከራዩም ተከትሎት ሄደ፤ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ።

በዚያ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ እኔም የራሴን ማመካኛ ይዤ ነበር። ግጥም እጽፍ ነበር። ወደ አንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሰባት ጊዜ ይዤ ሄጄ፣ አዘጋጁ ሰባት ጊዜ «ቦታ የለንም» አለኝ። ገጹ ስምንት ነው፣ ልክ ነው፣ ቦታ የለም። ቤቴ ስገባ ግን «ዘመድ ስለሌለኝ ነው፣ ስለማይገባቸው ነው» እል ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ያልታተመ ታላቅ ገጣሚ ሆኜ ኖርሁ፤ ምቹ ኑሮ ነው፣ ለማንም እመክራለሁ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትሁና ግጥሞቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ቦታ ሞልቷል። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ትንሽ የዓይን ሥዕል አለች፣ አጠገቧ ስንት ሰው እንዳየው ተጽፏል። አሥራ አንድ። አንዱ እኔ ነኝ። ለካ ያ ሰውዬ «ቦታ የለንም» ሲለኝ ውለታ ነበር የሚውልልኝ።

ቆጣሪው ቆመ ብዬ ነበር። ያቺ ዓይን ናት ያሳፈረችኝ። ደቂቃችንን መቁጠር ተወና እኛን መቁጠር ጀመረ። ስንት ሰው አየው፣ መቼ ታየ፣ መልእክቱ ደረሰ ወይ፣ ተነበበ ወይ። የዋትስአፕ ሁለት ጭረት ሰማያዊ ሲሆን ሰውዬው አይቷል ማለት ነው፤ አይቶ ዝም ብሏል ማለት ነው። የድሮ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችል ነበር፣ የድሮ ስልክ ላይሰማ ይችል ነበር፤ በዚያ «ሊሆን ይችላል» ውስጥ ስንት ወዳጅነት ተጠልሎ ኖሯል። አሁን እኅቴ ሌሊት ትጽፍልኛለች፣ እኔ አነባለሁ፣ ጭረቱ ይሰማያል፣ እሷም ያንን ታያለች። በአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ዝም ስል ትሰማኛለች። በድሮው ስልክ ዝምታ ገንዘብ ያስወጣ ነበር፤ የዛሬው ዝምታ ነፃ ሆኖ ማስረጃ ሆነ።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ግን አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። ጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በከፊል ተመልሶ፣ ሰኔ ላይ እንደገና ጨልሞ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደጨለመ ቆየ። የማውቀው አንድ መቐለዬ አዲስ አበባ ሆኖ በየማታው የእናቱን ቁጥር ይደውል ነበር። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» የምትለዋን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይዘጋል። እንደማይገባ ያውቃል። እሱ ፊት ኬላ ማመካኛ ነው የሚለውን ፍልስፍናዬን ባወራው ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር አስባለሁ። በገንዘብ የሚያልፉት ኬላና በምንም የማያልፉት ኬላ አንድ አይደሉም፤ እኔ የጻፍሁት ስለ መጀመሪያው ነው። ቀረጥ ተቀባይ እንድታልፍ ይፈልጋል፤ ካላለፍህ ምን ይበላል? የተዘጋ በር ግን ከማንም ምንም አይፈልግም። የሚገርመው ደግሞ ማመካኛ የማያስፈልገው ያ ሰው ነበር በየቀኑ የሚደውለው።

ስካይፕ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተዘጋ። ማይክሮሶፍት ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት 8.5 ቢሊዮን ዶላር ያወጣበትን ነገር፣ የራሱ ሌላ ፕሮግራም ስለተካው፣ መብራት አጥፍቶ ወጣ። ኬላ ሰባሪው ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ዜናውን ለእኅቴ ስነግራት «አሁንም ነበር እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ ዛሬ ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋም ደክሟል። ባለፈው ዓመት ከታመመች ወዲህ እኅቴ እንደገና በየቀኑ መደወል ጀምራለች፣ በቪዲዮ። የቤት ሠራተኛችን ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ ታቆመዋለች። አያወሩም። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፣ ታንቀላፋለች፣ ነቅታ እንዝርቷን ትፈልጋለች፤ እኅቴ እዚያ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንድ ቀን እኔም ደሴ ነበርሁ፤ እንዲህ ሆነው ወደ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ከዚያ እናቴ ከእንቅልፏ ባነነችና መስታወቱ ውስጥ ልጇን አየቻት።

«እስካሁን አልዘጋሽም? ይቆጥርብሻል እኮ!»

«አይቆጥርም እማዬ፣ ይሄኛው አይቆጥርም።»

እናቴ እንዝርቷን አንሥታ ትንሽ አሰበች።

«ማነው አይቆጥርም ያለሽ?»